ቁልቁለት የማይዝ ሳጥን

ደብረ ታቦር ላይ ባጃጅ የሚነዳ ሁሉ የሚያማርረው ዳገትን ነው። ዳገቱ ባትሪ ጨረሰ፣ ዳገቱ ሞተር አጋለ፣ ዳገቱ እንዲህ አደረገኝ ሲባል ይዋላል። ሠናይት ግን አንድም ቀን ዳገትን አምታ አታውቅም። «ዳገት ምን ያደርጋል? ቢበዛ ያቆምሃል። ሰው የሚበላው ቁልቁለት ነው» ትላቸው ነበር ወንዶቹን። እውነቷን ነው። ከቁልቁለት የባሰ የእናት ልጅ መኖሩን ግን ያን ጊዜ አታውቅም፤ ከየት ታውቀው!

ከኩዌት ስትመለስ አገሩ ለቤንዚን ተሰልፎ ጠበቃት። ባጃጅ ያላቸው ሁሉ ጀሪካን ይዞ መዋል ሆኗል ሥራቸው። ታላቅ ወንድሟ ይሻው መናኸሪያው አጠገብ የኤሌክትሪክ መጠገኛ ሱቅ አለው፤ እጁ የተባረከ ነው፣ ይህን ጠላቱም አይክደው። «ያረጀ ባጃጅ ፈልጊ፤ የቤንዚን ሞተሩን አውጥቼ በባትሪ አስኬድልሻለሁ» አላት። ፈለገች። አወጣው። አስኬደላት። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ያሳደጋት እሱ ነው፤ «አያ» ብላ ነው የምትጠራው። አያ ካለማ አለ ነው፤ ሠናይት ዘንድ ይግባኝ የለውም።

ባጃጁን ያስኬደው ሞተሩ ብቻ አልነበረም። ከመቀመጫዋ ሥር ምሳ ዕቃ የሚያክል የብረት ሳጥን አስሮላታል፤ አቧራና ዝናብ እንዳይገባው ውስጡ ድረስ በሙጫ የተደፈነ ነው፤ ልክፈትህ ቢሉት መስበር ነው። «የተማሩት ቾፐር ይሉታል፤ አንቺ ከታፊው በዪው» አላት።

«ምኑን ነው የሚከትፍ?»

«ከረንቱን ነዋ! ስሚኝ። ባትሪው ያለው አንድ ዓይነት ጉልበት ነው። ሞተሩ ላይ በአንዴ ብትለቂው ደንብሮ ይወረወራል። ድሮ መሐል ላይ ረጅም ቀጭን ሽቦ እያስገቡ ነበር የሚያደክሙት፤ ግማሹ ጉልበት ታዲያ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ይኼ ግን አያደክመውም፤ በር ሆኖ ይከፍታል ይዘጋል፤ በአንዲት ሰከንድ ሺህ ጊዜ። ተከፍቶ የሚቆየው ሲበዛ ሞተሩ የሚደርሰው ቮልቴጅ ይበዛል፤ ተዘግቶ የሚቆየው ሲበዛ ያንሳል። እኩል ለእኩል ከሆነ ግማሹ ይደርሰዋል። አንቺ እጀታውን ስትጠመዝዢ ሌላ ነገር አታደርጊም፤ በሩ ከፈት ብሎ ይቆይ ወይም ቶሎ ይዘጋ ነው የምትዪው።»

«ሲከፈትና ሲዘጋ ታዲያ አያንገጫግጭም?»

«ዱቄት ስትነፊ ወንፊቱ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አይደል የሚል? ዱቄቱ ግን አንድ ወጥ ሆኖ ነው የሚወርድ። ሞተሩም እንደዚያ ነው የሚያየው» አለና ፈገግ አለ። «ይኼ እንኳ የማንም ነው። የእኔ ጉድ ሁለተኛው በር ነው።»

ሁለተኛው በር ቁልቁለት ላይ ነው የሚሠራ። ባጃጁ ሲወርድ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩ ዲናሞ ይሆናል። ዲናሞው የሚያመነጨው ቮልቴጅ ግን ከባትሪው ያንሳል፤ ውሃ ደግሞ ከቆላ ወደ ደጋ በራሱ አይወጣም። ያኔ ሁለተኛው በር ይከፈታል ይዘጋል፤ ከረንቱን ጥቅል ሽቦ ውስጥ እያጠራቀመ ሽቅብ ወደ ባትሪው ይገፋዋል። የሄደው ከረንት በመጣበት ይመለሳል ማለት ነው። ባትሪውን ሲሞላ ሞተሩ ይከብደዋል፤ ስለከበደው ጎማውን ይይዛል። ሠናይት ፍሬን ሳትነካ ቁልቁለቱን ዘና ብላ የምትወርደው በዚህ ነው። ከመሪው ሥር ያለች ትንሽ ቀስት ደግሞ ባትሪው ሲሰጥ ወደ ቀኝ፣ ሲቀበል ወደ ግራ ታዘነብላለች።

«አንድ ነገር ብቻ» አላት። «አናት ላይ ሆነሽ ባትሪውን አፉ ድረስ አትሙዪው። የሞላ ጋን ተጨማሪ አይቀበልም። ባትሪው አልቀበልም ካለ ሞተሩ አይከብደውም፣ ካልከበደው አይይዝሽም።»

የደብረ ታቦር ሰው ሩቅ ሊሄድ ሲል ሙሉ አድርጎ መነሳት ነው ልማዱ፤ ሆዱንም፣ ስልቻውንም፣ ባትሪውንም። የይሻውን ሥራ አይተው ባትሪ የገጠሙ ሌሎች ሾፌሮች ሁሉ ይህን ስህተት አንድ አንድ ጊዜ ሠርተው በድንጋጤ ተመልሰዋል። ሠናይት ግን አልሠራችውም። ሁልጊዜ ጎደል አድርጋ ነው የምትነሳ።

እንዲህ እንዳለች የይሻው ስም ሐሙሲት ከተማ ደረሰ። ባዩ የሚባል ነጋዴ ባጃጆቹን ሁሉ ሊያሠራው ፈለገ፤ ግን «ቁልቁለት ሲወርድ ባትሪ ይሞላል የምትለውን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» አለ። ሠናይት በወንድሟ ደስታ ልትሞት ደረሰች። «እሰይ! የአያ ቀን ወጣ» እያለች ለተሳፋሪው ሁሉ ታወራለች።

በዚያው ሰሞን ይሻው መጣና «ከታፊሽን ላየው፤ ሙቀት ሳያበላሸው አይቀርም» ብሎ ሳጥኑን ፈትቶ ወሰደ። የእብናት ገበያ ዕለት ጧት ራሱ ቤቷ ድረስ አምጥቶ ገጠመላት። ለገበያ የሚወርደውን ድንች አብሮ ጫነላት። ትከሻዋን ስሞ «ቀስ ብለሽ ንጂ» አላት። ሠናይት ምርቃት መስሏት አሜን አለች።

ከድንቹ ጋር ሁለት ሰው ጫነች። አንዷ ለዘመድ ተዝካር የሚወርዱ እማማ አዛለች ናቸው። ሁለተኛዋ ቅመም የምትነግደው ዙለይካ ናት፤ ኩዌት አብረው ነው የኖሩት። ከተማውን እስኪወጡ መንገዱ ሜዳና ዳገት ነው፤ ባጃጁ እንደ ወትሮው ሽው አለ። ምን ይታወቃል!

ቁልቁለቱ ሲጀምር እጀታውን ለቀቀች። ወትሮ እንዲህ ስታደርግ ከኋላ ሰው የያዘው ያህል ረጋ ይል ነበር። ዛሬ አልረጋም። ቀስቷ መሐል ላይ ተገትራ ቀረች። ፍሬን ረገጠች፤ ያዘ። ለቀቀች፤ ተወረወረ። እንደገና ረገጠች። ድንች፣ ሰው፣ ባትሪ ተሸክሞ የባጃጅ ፍሬን ምን ያህል ይችላል? የተቃጠለ ጠረን ሸተታት፤ ከዚያ ፔዳሉ እግሯ ሥር ሰምጦ ቀረ። እማማ አዛለች «ማርያም! ማርያም!» ይላሉ፣ ዙለይካ «ያ አላህ!» ትላለች። በግራ ገደል፣ በቀኝ የገብስ ማሳ ነበር። ሠናይት መሪውን ወደ ገብሱ ሰበረችው። ባጃጁ ቦዩን ዘሎ በጎኑ ተጋደመ። የእማማ አዛለች ጭን ተሰበረ።

ከከተማው መጀመሪያ የደረሰ ይሻው ነው። እህቱን አቀፋት፣ ግንባሯን በነጠላው ጠረገላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሠናይትዬ፣ ሞልተሽው ነበር እንዴ?» አላት።

እሷም ጧቱን ልታስታውስ ሞከረች። ጧት መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰክታው ነበር፤ ነቀልኩት? መቼ ነቀልኩት? ድንጋጤ ላይ ያለ ሰው ምን ያስታውሳል! «እንጃ አያ» አለችው። ያቺ «እንጃ» ጉድ አፈላች። እማማ አዛለች ከነተሰበረ ጭናቸው ወጌሻ ቤት ሳይደርሱ «ሠናይት ባትሪውን ሞልታው ነው» የሚለው ወሬ ከተማው ገብቶ አድሯል።

ነገሩ በሽማግሌ ተያዘ። ዳኛው አለቃ ሙላቴ ናቸው፤ ሰፈሩ የሚያከብራቸው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ። ይሻው ፊታቸው ቆሞ «እህቴ ናት፤ ብደብቅላት በወደድኩ። ግን እውነቱን ካላችሁኝ ሳጥኔ ደህና ነው፤ ባትሪውን ሞልታው ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ አዘኑላት፤ ቢሆንም የመጨረሻው ቃል እስኪሰጥ ሰው እንዳትጭን ከለከሏት። ጥፋቱ የእሷ ሆኖ ከጸና መሪ ዳግመኛ አትይዝም። ለሠናይት መሪ መያዝ ማለት ደግሞ ኩዌት ሰው ቤት ተመልሶ የሰው ሽንት ቤት አለማጠብ ማለት ነው። ሌላ የላትም።

እንደ አገሩ ወግም ድንጋይ ተሸክማ እማማ አዛለች እግር ላይ ወደቀች። ድንጋዩን አንስቶ ማጅራቷ ላይ ያስቀመጠላት ይሻው ነው። «አይዞሽ፤ ሰው ይሳሳታል» እያለ ክንዷን ደግፎ እስከ ደጃፋቸው ወሰዳት። እማማ አዛለች ከአልጋቸው ሆነው «ተነሽ ልጄ፤ ማርያም ትማርሽ» አሏት። ማሯት። እሷ ግን ራሷን አልማረችም፤ የሰው ጭን የሰበረ እጅ እያለች እህል አልወርድ አላት።

ዙለይካ ናት ያነቃቻት። ልትጠይቃት መጥታ ልቅሶዋን ስታይ ተናደደች። «አንቺ ሴት፣ አሁንም አልተውሽም? ኩዌት ማዳሟ ቀለበቴ ጠፋ ስትል መጀመሪያ የራስሽን ኪስ ነበር የምትፈትሺ! አሁንም የራስሽን ኪስ ነው የምትፈትሺ?»

«አያ እኮ ነው ያለኝ።»

«ይበላ! አያ መልአክ ነው? እኔ ኋላሽ ተቀምጬ ያቺን ቀስት ሳያት ነበር፤ ንቅንቅ አላለችም። ባትሪው ጎደል ሲል ምን እንደምታደርግ ሄደሽ እያት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል አልሰማሽም?»

ሠናይት ይህን ስትሰማ ዙለይካን ተቆጣቻት፤ በወንድሟ መጡባታ! ሲነጋ ግን እግሯ ወደ ባጃጁ ወሰዳት። ፍሬኑ ተጠግኗል። ባትሪው ከተገለበጠ ጀምሮ አልተሞላም፤ ግማሽ ነው። ብቻዋን ሆና ከቤቷ በላይ ያለውን ዳገት ወጣች፤ ቀስቷ ደህና አድርጋ ወደ ቀኝ ሄደች። አዙራ እጀታውን ለቀቀች። ባጃጁ ተወረወረ። ቀስቷ መሐል ላይ ቀረች። ግማሽ ባትሪ! ሞላሁት እንዳትል ግማሽ ነው። እንደገና ወጣች፣ እንደገና ወረደች። ያው ነው። የሚሰጥ እንጂ የሚመልስ ሳጥን አይደለም ከሥሯ ያለው። ሁለተኛው በር የለውም።

ባጃጁን አቁማ መሪው ላይ ተደፋች። ያኔ ነው የገባት። ሳጥኑን ማንም አልነካው፤ የወሰደውም የመለሰውም እሱ ነው። ይሁን፣ ሳጥኑስ ይሁን። ድንጋዩስ? ያ ሁሉ «አይዞሽ»ስ? ጥፋቱ የእሱ መሆኑን እያወቀ ነው እንዴ ማጅራቷ ላይ ድንጋይ የጫነባት? አለቀሰች። አባታቸው ሲሞት እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም፤ ያን ጊዜ እሱ ነበራ።

ሱቁ ሄደችና «ቀስቷ ወደ ግራ አልሄድ አለች» አለችው። ፊቱ ላይ ዓይኗን ተክላ ነው። ይሻው ከሚበይደው ቀና ሳይል «ስትገለበጪ ተመትታ ነው። ሳጥኑን አምጪው እስቲ፤ ዛሬውኑ ልየው» አላት። አሁን አምጪው፣ ዛሬ አምጪው፤ ራሱ ሊፈታው ጉጠቱን ይዞ ተነሳ። ሠናይት ጥድፊያውን አየች። ከዚህ በፊት ወደዚህ ሱቅ የገባው ሳጥን ሌላ፣ የወጣው ሌላ፤ አሁን ደግሞ ይህም ሊጠፋ ነው።

«ተወው» አለችው። «ሽማግሌዎቹ ፊት ታየዋለህ።»

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ የእብናት መንገድ አፋፍ ላይ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። እማማ አዛለችን በቃሬዛ አመጧቸው። ዙለይካም መጣች። ሠናይት ያየችውን ተናገረች። ይሻው ራሱን ነቀነቀና «እህቴ ጭንቀቱ አእምሮዋን ነክቶታል» አለ። አእምሮዋን! «ቀስቷ ተሰብራለች። ሳጥኑ ግን የሠራሁት ሳጥን ነው፤ ቁልቁለት ይይዛል። ማል ካላችሁኝም እምላለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሳጥኑን እንዳይከፍቱት ሙጫ ነው፤ ቢሰብሩትም ከውስጡ የሚወጣውን ማን ያነበዋል? አንደኛው «እንግዲያው ይማልና ይለቅ» አሉ።

«ቆይ» አሉ አለቃ ሙላቴ። «መሐላ ቀላል ነው፤ አፍ ይበቃዋል። ይሻው ልጄ፣ ቤትህ እንግዳ ሲመጣ ጠላ የምትቀዳዋ ምን ታደርጋለች?»

ይሻው ግራ ገባው። «ትቀዳለቻ።»

«ከመቅዳቷ በፊት።»

«መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ… ትቀምሳለች።»

«ለምን?»

«መርዝ እንደሌለው እንግዳው እንዲያምን።»

«ተባረክ! አንተ ጠምቀህ ሰው አጠጣህ፤ እስካሁን ግን አልቀመስክም። ባትሪው እነሆ፣ ግማሽ መሆኑን ሁላችን አይተናል። ሙሉ ነው የሚባል ምክንያት የለም። እህትህ ትነዳለች፣ አንተ ከኋላ ትቀመጣለህ፤ ያንኑ ቁልቁለት ትወርዳላችሁ። እግሯ ፍሬን አይነካም። የሚይዝ ሳጥን ከሆነ ይይዛል። ቅመስ።»

ሠናይት ማንም ሳያዛት ሄዳ መሪዋ ላይ ተቀመጠች። ቁልቁለቱን ታውቀዋለች። ግን የሚሄድ ከሆነ ልትሄድ ቆርጣለች። ለዚህች ነፍስ ከእንግዲህ ማን አለኝ ነው ያለችው በሆዷ። ይሻው «ሥራ አለኝ» አለ። «ነገ ይሁን» አለ። «ጎማው ላይ አየር ጎድሏል» አለ። አለቃ ሙላቴ በበትራቸው መቀመጫውን ብቻ አሳዩት። ሄደ። አንድ እግሩን አስገባ። የባጃጁን ጣሪያ ብረት ጨብጦ ቁልቁል አየ። መንገዱ ከሥር ተጣጥፎ ወደ ታች ይወርዳል፤ የተደፋው ገብስ ገና አልተነሳም።

እግሩን መልሶ አወጣ።

«ምነው ልጄ?» አሉ አለቃ ሙላቴ።

«አለቃ… ልጆች አሉኝ።»

ቃሉ ራሱ አምልጦት የወጣ ነው፤ ከወጣ በኋላ ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። እማማ አዛለች ከቃሬዛቸው ላይ «የእኔስ ልጆች? እኔስ እናታቸው አልነበርኩም?» ብለው በነጠላቸው ተሸፈኑ። ከዚያ በኋላ አፉ ተፈታ፤ ማን ያስቆመው! ባዩ መጥቶ ሊያይ ቀን ሰጥቶት ነበር። ለእሱ የሠራው አዲሱ ከታፊ ሲሞከር ተቃጠለ፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጊዜ የለም። የእህቱን ወስዶ ለባዩ ገጠመለት፤ ለእሷ ባለ አንድ በሩን ሰጣት። ዕቃው ሲመጣ መልሼ እቀይርላታለሁ ብሎ ነው። ቀስ ብላ ትነዳለች ብሎ ነው። «ፍሬን አላት ብዬ ነው እኮ!» አለ እያለቀሰ። «ከተገለበጠች በኋላ እንዴት ብዬ ልናገር?»

«በአፍህ ነዋ!» አለች ዙለይካ። «ስትዋሽ የነበረ በምንህ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ዙለይካን ዝም አሰኟት፤ ፍርዱ ግን ረጅም አልሆነም። ጥፋቱ የይሻው ነው፤ እማማ አዛለችን እስኪድኑ የሚያስታምመው እሱ ነው፤ ሳጥኑን ከሐሙሲት አስፈትቶ ይመልሳል፤ ሠናይት መሪዋን ትይዛለች። ከዚያ እንደ ሽማግሌ ወግ ተነሱና ሁለቱን ሊያስታርቁ ከበቧቸው። «የአንድ እናት ልጆች ናችሁ፤ ይቅር ተባባሉና ተሳሳሙ» አሉ።

ሠናይት ከመሪዋ አልተነሳችም። «ቡራኬያችሁ ይድረሰኝ አባቶቼ» አለች። «መሪዬን መልሳችሁልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ይቅርታውን ግን አቆዩልኝ፤ ዛሬ ሆዴ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።»

ይሻው ተጠጋት። የመሪዋን ጫፍ ያዘና «ሠናይትዬ፣ ልጆች አሉኝ ስል… አንቺን ትቼ ማለቴ እኮ አይደለም…» አላት።

ቀና ብላ አየችው። እንባዋ አልቆ ነበር።

«ልጆች እንዳሉህማ አውቃለሁ» አለችው። «እህትም ነበረችህ።»

እጁን ከመሪው ላይ አነሳችና ከባጃጁ ወርዳ የእማማ አዛለችን ቃሬዛ በአንድ ወገን ያዘች።